ፍሬሹን ማን ያማክር?

አዲስ ተማሪዎች (ፍሬሾች) ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ስለ ትምህርታቸው የሚያማክሯቸው ነባር ተማሪዎች በይፋ ይመደቡ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ደግፋ፣ አንድ አንጋፋ መምህር ተቃውመው በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ፍሬሽ ተማሪ ቢሮዎን አያንኳኳም። በሩ ላይ የተለጠፈውን የምክር ሰዓት ያነባል፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆም ይላል፣ ይመለሳል። ማታ የአገሩን ልጅ ፈልጎ ነው «ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንዴት ነው የሚሰላው?» የሚለው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ 12 ነጥብ፣ ሲ ደግሞ 6 ነጥብ እንደሆነ የሚነግረው ያ ልጅ ነው። ማማከሩማ ድሮም አለ። ሥልጠናና ኃላፊ ይኑረው ነው ያልነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ መፍራቱን አልክድም። በለጠፈው ሰዓት የማይገኝ ባልደረባ እንዳለም አውቃለሁ። ግን ነባር ተማሪ የሚያውቀው የራሱን መንገድ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ አስቢው። ከዚያ በፊት የገቡት ብዙዎቹ ገና ከጅምሩ ዲፓርትመንት የያዙ ናቸው። በፍሬሽ ውጤት ተወዳድሮ ዲፓርትመንት ማግኘትን አላዩትም። ምን ብለው ሊመክሩ ነበር? አንዱ ደግሞ «ሳይኮሎጂ ቀላል ነው፣ ለፋይናል ሳምንት ተወው» ይላል። ለእሱ ቀሎት ይሆናል። የሰማው ልጅ ዲ ቢያመጣ በራስሽ ሒሳብ 3 ነጥብ ይዞ ቀረ።

ሌላም አለ፣ ሸፋፍነን የማናልፈው። «ላስጠናሽ» ብሎ የሚጀምር ጀንጀና። ሰው የማታውቅ አዲስ ልጅ አማካሪዋን እምቢ ማለት ይከብዳታል። ባጅ ስትሰጡት ደግሞ ጭራሽ ሥልጣን ይሆንለታል።

ተማሪዋ፦ ጀንጀናው ያለ ባጅም አለ፣ መምህር። አሁን የሚጠየቅ የለም እንጂ። ስሙ የተመዘገበ አማካሪ ላይ አቤት ማለት ይቻላል። ለሴቶች ሴት ትመደብ፣ ቦታውም ላይብረሪ ይሁን። የ2012ቱን ልክ ነዎት። ለዚህ ነው አማካሪው የአምናው ፍሬሽ፣ ማለትም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መሆን ያለበት። እኔ ራሴ ለዚህ አልሆንም፣ ቆይቻለሁ።

ደግሞ ጎንደር ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎች በቡድን ሆነው መስክ ይወጡ ነበር። አንዱ ከሌላው እየተማረ።

መምህሩ፦ ጥሩ ጠቀስሽ። ያ ቡድን ግን መምህር ይከታተለው ነበር። ሁለተኛ ዓመት ይሁን ላልሽው እሺ። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ላይ ያለ ልጅ ግን እሱ ጋ አይሂድ። አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መጣል)፣ ዊዝድሮዋል (አቋርጦ መውጣት)፣ ዲስሚሳል (በውጤት መባረር)፣ እነዚህ ደንብና ቀነ ገደብ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ተማሪ ተሳስቶ ቢመክር ዓመቱ የሚቃጠለው የፍሬሹ ነው።

ተማሪዋ፦ መምህር ተሳስቶ ቢመክርስ የማን ነው የሚቃጠለው?

መምህሩ፦ ያው የፍሬሹ። እኔን ግን ዲን ፊት ማቆም ትችያለሽ። ያንን ልጅ ማን ፊት ታቆሚዋለሽ?

ተማሪዋ፦ እርስዎ ፊት። መምህር ይከታተለው ነበር አላሉም? በሳምንት አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ማን ማንን ምን እንደመከረ ይስሙ። ሰዓቱ ካለዎት ነው እንግዲህ።