ወራጅ አለ!

ባቡር ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚባልበት አገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አለ። ያውም እንግሊዝ!

ቦታው አቨንክሊፍ ይባላል። ከባዝ ከተማ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ጣቢያው ትንሽ ስለሆነ ባቡሩ ካልነገሩት ያልፈዋል። መውረድ ከፈለግክ ለትኬት ተቆጣጣሪው ቀድመህ ትናገራለህ። ለመሳፈር ደግሞ መድረኩ ላይ ቆመህ ለሹፌሩ እጅህን ትዘረጋለህ። ይህን ለአክስቴ ሳስረዳት፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

«ታክሲ ነዋ! ይሄን ሁሉ ቀን ለምን ደበቅከኝ?»

አክስቴ የመጣችው እኔን ልትጠይቅ ነው። እሷ እንደምትለው ማለቴ ነው። እኔ እንደማውቀው ግን ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት ልታይ ነው የመጣችው። ፌርፊልድ ሃውስ እዚያው ባዝ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1936 እስከ 1940 ኖረውበት፣ በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጡት። ቤቱን አየች፣ ግቢውን አየች፣ ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ ደርባ «በዚህ ብርድ አራት ዓመት!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ከጣልያን ይልቅ የባዝን አየር የተቀየመች ነው የሚመስለው።

ከዚያ የሮማውያን መታጠቢያ ወሰድኳት። እዚያ ትንሽ ተኳረፍን። 46 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከመሬት ይወጣል፣ እንፋሎቱ ፊትህ ላይ ይተናል፣ መግቢያው ተከፍሏል፤ ገብቶ መታጠብ ግን ክልክል ነው። «ፍልውሃ ቢሆን እስካሁን ታጥቤ ሻይዬን ጠጥቼ ነበር» አለች። ምን እላታለሁ? ልክ ናት።

የወደደችው የእርሳስ ቅጠሎቹን ነው። ድሮ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው በስስ እርሳስ ላይ እርግማን ጽፎ ለምንጩ እንስት አምላክ ብሎ ውሃው ውስጥ ይጥል ነበር። 130 ያህል ተገኝተዋል። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰውዬ ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፣ ሌባው አእምሮውንም ዓይኑንም እንዲያጣ ለምኗል። ለጓንት! እኔ ሳቅኩ። አክስቴ አልሳቀችም።

«ብርዱን አላየኸውም እንዴ?»

በማግስቱ ወደ አቨንክሊፍ ተሳፈርን። ለተቆጣጣሪው የምናገረውን በትሁት እንግሊዝኛ አዘጋጅቻለሁ፤ «ይቅርታ»ው ሁለት ጊዜ አለበት። ሰውዬው በፉርጎው በዚያኛው ጫፍ ብቅ ሲል ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አክስቴ ቀደመችኝ።

«ወራጅ አለ!»

ጋዜጣ ዝቅ አለ። አንድ ሕፃን ማልቀሱን አቆመ። ተቆጣጣሪው መጥቶ «አቨንክሊፍ?» አለን። ቋንቋ ለካ ሰበብ ነው።

መድረኩ አጭር ስለሆነ ሁሉም በር አይከፈትም። ተጋፍተን ወረድንና ባቡሩ ሄደ። ጸጥ አለ። ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ ወንዝ፣ ዛፍ። «መንደሩ የታለ?» አለችኝ። እንግሊዞች ለመንደር ማዕረግ አላቸው። በድሮው ወግ ቤተ ክርስቲያን ያለው አንድ ስም አለው፣ የሌለው አነስ ያለው ደግሞ ሃምሌት ይባላል። ይሄ ሃምሌት ነው።

«ቤተ ክርስቲያን የለውም?»

«የለውም እትዬ።»

«ያ ወንበር የተደረደረበትስ?»

«መጠጥ ቤት ነው።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ራሱ ስብከት ነበር።

ሰው ወደዚህ የሚመጣው ድልድዩን ለማየት ነው። ወንዙ ከታች ያልፋል፣ ባቡሩም ከታች ያልፋል፣ ከላይ በድንጋይ ድልድዩ ላይ ደግሞ ውሃ ያልፋል። አዎ፣ ውሃ! የኬኔትና ኤቨን የጀልባ ቦይ ወንዙን የሚሻገርበት ነው። ጆን ሬኒ የሚባል መሐንዲስ ነው ያሠራው፣ ከ1797 እስከ 1801 ባለው ጊዜ። ሦስት ቅስት አለው፤ መካከለኛው ገና እንደተሠራ ሰመጠ፤ ዛሬም ከጎን ሲያዩት እንደ አሮጌ አልጋ መሃሉ ሰርጎድ ብሏል። ይኸው ከ200 ዓመት በላይ እንደሰረጎደ ቆሟል።

አክስቴ አንዴ አየችውና ፈረደች። «ሲሚንቶ ተሰርቆ ነው። እርሳሱ ላይ መጻፍ ነበረባቸው።»

ይሄን እያለች አንድ ረጅም ጠባብ ጀልባ ድልድዩ ላይ ወጣ። ወርዱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ የማገዶ ክምር፣ ብስክሌት፣ የአበባ ጣሳ፤ ከኋላ አንድ ጺማም ሰውዬ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ሻዩን ይዟል። ቦዩ ላይ በሰዓት ከስድስት ኪሎ ሜትር ብዙም ማለፍ አይፈቀድም። አክስቴ ከነጉልበት ሕመሟ በእግሯ ቀደመችው። ሰዎች እዚያ ውስጥ እንደሚኖሩ ስነግራት ዞር ብላ በሐዘን አየችው። «የቤት ኪራይ ነው እዚህ ያደረሰው» አለች። ለንደን ስለምኖር አልተከራከርኩም።

ከዚያ በግጦሽ መሃል ሄድን። እዚህ አገር የእግር መንገድ በሰው መሬት ውስጥ ያልፋል፤ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ባለቤቱም ዱላ ይዞ አይወጣም። አጥሩ ላይ ሰው የሚያሳልፍ፣ ላም የማያሳልፍ የእንጨት በር አለ። ስሙን ጠየቀችኝ። ምን ነካኝ፣ እንዳለ ተረጎምኩላት። «የመሳሚያ በር ይሉታል።»

አክስቴ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። አማተበች። ግንባሯን አስጠግታ በሩን ሦስት ጊዜ ሳመችው።

ከወዲያ በኩል ውሻ የያዙ አንድ ባልና ሚስት ተራ እየጠበቁ ነበር። እንግሊዝ ወረፋ ላይ ካለ ምንም አይጠይቅም። ሚስትየዋ «ደስ የሚል ቀን ነው» አለችን። ዝናብ እየዘነበ ነው። ባልየው የውሻውን ስም ነገረን፣ ዕድሜውንና የሆዱን ሕመምም ጭምር። የራሱን ስም አልነገረንም። አክስቴም በፈንታዋ የሁሉንም ቤተሰብ ደኅንነት በአማርኛ ጠየቀች፤ ውሻውን ሳይጨምር።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን አስተናጋጅ ጠበቅን። አይመጣም። እዚህ ሄደህ ባንኮኒ ላይ ነው የምታዘው፤ ረስቼው አይደለም፣ ካልሲዬ ረጥቦ መነሳት አስጠልቶኝ ነው። አክስቴ ሁለቴ አጨበጨበች። አጠገባችን ያሉ ሽማግሌ ማን እንደተመረቀ ለማየት ዞሩ፤ ከዚያም ለማንኛውም ብለው አብረው አጨበጨቡ።

ቀኑ ዓርብ ነበር፣ የጾም ምግብ አገኘን። «ቪጋን» ነው የሚሉት። «ሳይጾሙ ይጾማሉ» አለች።

ከሰዓት በቦዩ ዳር እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን በእግር ሄደን ተመለስን። እዚያ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የአስራት ጎተራ አለ፤ 51 ሜትር ይረዝማል፣ የሴቶች ገዳም ንብረት ነበር። (ጎተራ ስላችሁ ማሳለጫው እንዳይመጣባችሁ።) የጣሪያውን ወጋግራ ቀና ብላ አይታ «ይሄኔ እዚህ ሞልቶ ገበሬው ቤት ባዶ ነበር» አለች። ይህቺን ብቻ ሳትቀልድ ነው ያለችው።

ሲመሽ አቨንክሊፍ ጣቢያ ላይ ቆምን። ባቡሩ ብቅ አለ። እኔ እጄን እስከ ትከሻዬ፣ በልኩ፣ ዘረጋሁ። አክስቴ ነጠላዋን አውልቃ አራገበችው። ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ከሥራ በሚመለስ ሰው ታጭቋል። እኔ ቀጣዩን እንጠብቅ ልል ስል እሷ አንድ እግሯን አስገብታለች።

«ጠጋ ጠጋ በሉ!»

ማንም ቃሉን አያውቀውም። ሁሉም ተጠጉ።