ለዘሩም አስቡለት

ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቸሮኪ ሕዝብ ወጣቶች ከጆርጂያ እስከ ኦክላሆማ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በብስክሌት እንደሚጓዙ ሳነብ እንባዬ መጣ። መንገዱ እኮ በ1838 እና 1839 እ.ኤ.አ. ቅድመ አያቶቻቸው ከአገራቸው በወታደር ኃይል ተነቅለው የሄዱበት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። ልጆቹ ለጉዞው ሲዘጋጁ ታሪካቸውንና ቋንቋቸውን ይማራሉ፤ እኔን በጣም የነካኝ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 እ.ኤ.አ. ቸሮኪዎች የበቆሎ፣ የባቄላና የዱባ ዘራቸውን በኖርዌይ፣ ስቫልባርድ ባለው የዘር ማከማቻ አስቀምጠዋል። የአየር ንብረቱ እንዲህ ሲዛባ የአባቶች ዘር ከጠፋ ምግቡም፣ የምግቡ ስምም አብሮ ይጠፋል። ለነባር ሕዝቦችና ለአየር ንብረት ብላችሁ በብስክሌት እየተጓዛችሁ ገንዘብ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ እባካችሁ ለዘር ጠባቂዎቹም አካፍሉ።