በርበሬ ብቻ አይደለም

አንድ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት «የሲቹዋን ምግብ ማለት በርበሬ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። የዚህች የቻይና ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ቼንግዱ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ከዶርማችን ጀርባ አምስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ነበረች፤ ሜኑዋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ በቻይንኛ ብቻ። መጀመሪያ ቀን ማፖ ቶፉ አዘዝኩ፤ በሚያቃጥል ቀይ ወጥ የሚሠራ የአኩሪ አተር አይብ ነው። ሚጥሚጣ በልቼ አድጌ ምን ያስፈራኛል ብዬ! ሁለት ማንኪያ እንደቀመስኩ ከንፈሬ ደነዘዘ። የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋኝ ነው የመሰለኝ። ውሃ ስጠጣ ጭራሽ ውሃው ራሱ ኮምጠጥ አለኝ። ባለቤቷ ሴትዮ እየሳቀች ሩዝ ጨመረችልኝ።

ጉዱ ሁዋጂያዎ የሚሉት ቅመም ነው። በርበሬም ቁንዶ በርበሬም አይደለም፤ የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ተክል የፍሬ ልጣጭ ነው። ማደንዘዙን «ማ»፣ ማቃጠሉን «ላ» ይሉታል። «ማላ» የሚባለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ማፖ ቶፉው ውስጥ ያለው ድልህ የሚመስለው ቀዩ ነገር ደግሞ ዱባንጂያንግ ነው፤ ባቄላና በርበሬ አብረው ለወራት ተብላልተው የሚሠራ። እኔማ ሽታው ስልጆ ነው ያስታወሰኝ።

ጭራሽ የማያቃጥልም ሞልቷል። በሻይ ቅጠል የታጠነው ዳክዬ የሲቹዋን አይደለም እንዴ? ለማንኛውም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በሳምንት ሦስቴ እዚያች ቤት ነበርኩ።