እስቲ ግፉልኝ

ጎረቤታችን አንዲት ቮልስ አለቻቸው። ባትሪዋ ከደከመ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ማታ ማታ የሰፈራችን ብቸኛ ቁልቁለት ላይ ያቆሟታል። ጠዋት ፍሬን ለቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፣ ድርድርድር... ሄዱ።

ችግሩ ቁልቁለቱን ሌላ ሰው የቀደማቸው ቀን ነው። ያኔ የኔ በር ይንኳኳል። "አንተ ልጅ፣ እስቲ አንዴ ውጣልኝ!"

ባለፈው ሐሙስ ሦስት ሆነን ገፋናት። እኔ ለስብሰባ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሁለቴ አስነጠሰች፣ በሦስተኛው ተነሳች። ጋሼ አልቆሙም። ቢቆሙማ ትጠፋለች! በመስኮት እጃቸውን አውለብልበው ታጠፉ። ለኛ ጭሱ ቀረልን።

ስብሰባው ላይ አለቃችን "ሞመንተሙን ማስቀጠል አለብን" ሲሉ ሸሚዜን አየሁት።

ሞመንተም ማለት ክብደት ሲባዛ በፍጥነት ነው ብለው አስተምረውናል። (ሚኒባሶቻችን ይህን ቀመር ተከፋፍለውታል። ክብደቱን ረዳቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱን ሾፌሩ።) አሁን ግን የኳስ ኮሜንታተሩም ይዞታል። አንዱ ቡድን ሁለት ኮርና ሲያገኝ "ሞመንተሙ የነሱ ነው" ይላል። ወዲያው ይኸው ቡድን ጎል ይገባበታል። ኮሜንታተሩ አያፍርም፤ "ሞመንተሙ ዞሯል!"

በዚህ ሂሳብ ምሩፅ ይፍጠር ያለቀለት ሰው ነበር። በ1964 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፣ የ5 ሺህው አመለጠው። በ1968 ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ሲቀሩ እሱም ቀረ። በኦሊምፒክ ሜዳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ መኪና በሉት። በ1972 ሞስኮ ላይ፣ በ10 ሺህው 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ማርሽ ቀየረ። ወርቅ። በ5 ሺህውም ደገመው። "ማርሽ ቀያሪው" ያልነው በከንቱ አይደለም።

ዋጋ ደግሞ ሌላ ዓይነት መኪና ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይተመን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ጉሊት ወርጄ "እትዬ፣ ጎመንና ዶላርን ምን አገናኛቸው?" አልኳቸው።

"እኔማ ነገ የማመጣበትን ነው የማስበው።"

ኢኮኖሚስቶች ይህን ለማስረዳት ግራፍ ይስላሉ። ሁሉም ነገ ይጨምራል ብሎ ዛሬ ይጨምራል፤ ነገም እውነትም ይጨምራል። ቮልስ እንኳ የኋላ ማርሽ አላት። ጎመን ግን ምንም የላትም።

ወደ ፖለቲካው ስመጣ አሁንም ያቺ ቮልስ ትዝ ትለኛለች። በየካቲት 1966 ተማሪው ገፋ፣ መምህሩ ገፋ፣ ቤንዚን የተወደደበት ባለታክሲም ሥራ አቁሞ ገፋ። ተነሳች! መሪውን የጨበጠው ግን ደርግ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በቮልስ። (ባትሪዋ ደህና ነበር መሰለኝ፤ ግፉ የተባለ ሰው አልሰማሁም።) ገፊዎቹ ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ ተገፊዎች ሆኑ። ሹፌሩ "ኢትዮጵያ ትቅደም" እያለ ነዳ። ማቆምማ አይታሰብም፤ ቢያቆም ትጠፋበታለቻ!

ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ቁልቁለቱ ላይ የማላውቃት ነጭ ሚኒባስ ቆማለች። ቮልሷ ሜዳው ላይ ናት። ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

"የኔ ልጅ፣ ነገ ጠዋት አለህ አይደል?"

ጥቁር ሸሚዝ አወጣሁ።