ክብር ለበረኪና

ባሕር ዳር ስትመሰገን ሁሌም ዘንባባዋና ጣናዋ ይነሳሉ። በቃ፣ ሰለቸን። ዛሬ የሚመሰገነው የከተማችን ንጹሕ ወላጅ ነው። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ያስደረገው፣ ቤቱን በቀን ሦስቴ በበረኪና የሚያስወለውለው፣ ልጁ አፈር ሳይነካ ስድስት ዓመት የሞላለት። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

ግቢውን ገብታችሁ እዩለት። ድሮ ጌሾና ጤና አዳም የነበረበት ጥግ ሴራሚክ ለብሷል። አንዲት ማንጎ ቀርታለች፤ እሷም ወገቧ ድረስ በሲሚንቶ ታንቃ። ዶሮ የለም። ድመት የለም። ውሻ አለ፣ ግን ልጁ የሚያውቀው በመስኮት ነው። ልጁ ሥራ ፈት እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ላይ እርሻ አለው። ያርሳል፣ ላም ያልባል። ላሟ እበት አትጥልም።

አያቱ ከመራዊ ሲመጡ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ይታያል። እማማ ቅቤያቸውን በቅል፣ አይባቸውን በኮባ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን አገላብጠው ሊስሙ በናፍቆት ይደርሳሉ። ልጃቸው ሳኒታይዘር ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ እጅሽን።»

«ምን ነካሁ ልጄ?»

«ምንም አልነካሽም። ለጀርም ነው።»

እማማ ጀርም ማን እንደሆነ አይጠይቁም። ትልቅ እንግዳ ይጠበቃል ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህቺን ልጃቸውን በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ነው ዳዴ ያስባሏት። ከጥጃ ጋር ነው ያደገችው። ደረቷ ሲር ብሎባት አያውቅም። ይህን ግን በእንግዳ ፊት ማንሳት ነውር ነው።

ፈረንጅ ግን ምቀኛ ነው። እኛ ገና ንጽሕናን ስንጀምራት እሱ እንከን ይፈልግላታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስትራካን የሚባል የብሪታንያ ተመራማሪ ከ17 ሺህ በላይ የሚሆኑ ልጆችን መረጃ ሲያገላብጥ፣ ታላላቅ ወንድምና እህት የበዛላቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ ብዙም እንደማይቸገሩ አየ። ምናልባት ታላላቆቹ ጉንፋኑንም ምኑንም እያካፈሉ ስላሳደጓቸው ይሆናል አለ። ንፍጥ ውለታ ሆኖ ሲቆጠር ያኔ ሰማን።

የባሰውን እ.ኤ.አ. በ2016 ይዘው መጡ። አሜሪካ ውስጥ አሚሽና ሃተራይት የሚባሉ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች አሉ። ሁለቱም አያት ቅድመ አያታቸው ከአውሮፓ ነው። ሁለቱም ብዙ ይወልዳሉ፣ ምግባቸውም ይቀራረባል። የሚለያዩት እርሻው ላይ ነው። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ በረቱ ከቤታቸው አጠገብ ነው፤ ልጆቹ እዚያው ሲርመሰመሱ ይውላሉ። ሃተራይቶች ዘመናዊ ናቸው። እርሻው በማሽን ነው፣ እርባታው ትልቅና የጋራ ነው፣ ልጆቹም እንደዚያ ከብት ሥር አይውሉም። ከአሚሽ ልጆች አስም ያለባቸው ከመቶ 5 ገደማ ሲሆኑ ከሃተራይቶቹ 21 ገደማ ሆኑ። አጥኚዎቹ አላመኑም መሰል ከየቤቱ አቧራ ሰበሰቡ። (አስቡት፣ አቧራ ፍለጋ ተነስቶ የሚሄድ የተማረ ሰው!) በአሚሾቹ አቧራ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቅሪት ከሌላው ወደ 7 እጥፍ ይበልጣል። ያንን አቧራ አይጦች ሲስቡት አስም መሰሉ ቁጣ ጋብ አለላቸው። የሃተራይቶቹ አቧራ ግን ይህን አላደረገም።

የፈረንጅ ጣጣ ነው ብዬ ልተወው ስል ጅማ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የጅማን ከተማና ገጠሯን አወዳድሮ፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተሜው ላይ በርትቷል አለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከገዛ አገራችን እንዲህ ያለ ወሬ መውጣቱ ያሳዝናል።

ሲያስረዱት ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውነት መከላከያ ሲወለድ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአፈሩ፣ ከበረቱ፣ ከቅጠሉ ባክቴሪያ ጋር እየተዋወቀ ነው ነገር የሚገባው። ካልተዋወቀ ከበሩ ወጥቶ የማያውቅ ዘበኛ ይሆናል፤ ለክርስትና ሊጠራ የመጣውን አጎት በዱላ ይቀበላል። የአበባ ብናኝ ገባ ብሎ ይደነግጣል። የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል። ልጁ ሌሊት ሲር ሲር ሲል ያድራል።

እኔ የማደንቀው ታዲያ ይህን ሁሉ ሰምቶ ንቅንቅ የማይለውን ወላጃችንን ነው። በተለይ አፈር ላይ እንዲያ የሚጨክን ሰው ለጭስ ያለው ርኅራኄ ያስለቅሳል። የምሬን ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል። ማታ ማታ የሳኒታይዘሩ ባዶ ጠርሙስ፣ ያገለገለው ዳይፐርና የተሰበረው ጀሪካን አጥር ሥር ተሰብስበው ይለኮሳሉ። ጥቁሩ ጭስ ጎረቤቱን ሁሉ እያዳረሰ ያልፋል፤ አድልዎ የለበትም። ሳሎን ውስጥ ቡናው ከሰል ላይ ነው። እጣኑ ይንቦለቦላል። መስኮቱ ተዘግቷል፣ አቧራ እንዳይገባ።

ልጁ ያስለዋል።

«ምን ነክቶ ነው?» ይባላል።

ምንም አልነካም። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልነካም።

ወለሉ እንደገና በበረኪና ይታጠባል። የበረኪና ሽታ ራሱ አስም ያለበትን ሰው ሳል ያስነሳበታል የሚል ሐኪም ካጋጠመ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሐኪም መቀየር።

ቅዳሜ ጣና ዳር ይወጣል። ሣሩ ላይ እንዳይቀመጥ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፣ ምንጣፉ ላይ አንሶላ። በየመሃሉ እጁ ይረጫል። ጭቃ የጨበጠ የሰው ልጅ ቀረብ ሲል «ና፣ ተው!» ይባላል። ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ «ትንሽ ይንቦራጨቅ እንጂ» ተብሎ ባጃጅ ከሚታጠብበት ዳር ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። ቢልሃርዚያ የሚገባው ከዚያው፣ ከዳር ካለው ውሃ፣ በቆዳ በኩል ነው። ቢልሃርዚያ ግን አፈር ስላልሆነች ወላጃችን አይጠላትም። ሲሄዱ ላስቲኩና የውሃው ጠርሙስ ለጣና ይተዋሉ። ሐይቁ እንቦጭን የቻለ ይህን አያቅተውም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ተመራማሪዎቹም ቆሻሻ ብሉ አላሉም። ከሽንት ቤት በኋላና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ ይላሉ። ክትባት አይቅር፣ ያልፈላ ወተት አይጠጣ፣ አስም የያዘው ልጅ መድኃኒቱን ይውሰድ እንጂ በአቧራ አይታከምም ይላሉ። አፈሩም ቢሆን ሊከላከል ይችላል እንጂ ይከላከላል ብለው በሙሉ አፍ አይናገሩም። አያችሁ አይደል? ለውሳኔ የማይመቹ ሰዎች ናቸው። አንዱን ጀርም ታጠቡት፣ ሌላውን ተዉት እያሉ ማን ሲለይ ይኖራል? እኛ ሁሉንም በአንድ ጀሪካን ጨርሰናል።

ባለፈው እሑድ የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ነበረው። በኮብልስቶኑ መሃል የቀረው አፈር በሲሚንቶ ይደፈን ተባለ፤ ተጨበጨበ። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ የሚያልፉት ላሞች ሌላ መንገድ ይፈለግላቸው ተባለ። የላሞቹ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ «እነሱ እኮ ከእናንተ በፊት ነበሩ» ብለው ተናገሩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። የመጨረሻው አጀንዳ ላስቲክና ዳይፐር የሚቃጠልበት ቦታ ነበር። ብዙም አላከራከረም። ከመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።