«ቀብድ» ወይስ «ቅድመ ክፍያ»?

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጋራዥ 800 ዶላር በልቶብኝ ያውቃል። ጠበቃ አላማከርኩም፣ ሽማግሌም አላክኩም። እዚያ እስከ 5,000 ዶላር ላለ ክርክር ቀላል አሠራር አለ፤ ቅጹን ሞልቼ አስገባሁ። መጥሪያው ሲደርሰው ሰውየው ራሱ ደውሎ ከፈለኝ። እዚህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ልክሰስ፣ አልክሰስ እያልኩ ለገጣፎ እናቴ ቤት ቡና እጠጣለሁ።

ሰኔ 2016 ለወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛለት ከሰፈሩ መኪና መሸጫ ጋር ተዋዋልኩ። 600 ሺህ ብር ከፈልኩ። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ተባለ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መኪናው ሲገባ «700 ሺህ ይጨምሩ፣ ዶላር ተወዷል» አሉኝ። ዶላሬን በ57 የመነዘርኩት እኔ፣ የሚያለቅሱት እነሱ!

ሕጉን ሳይ ግን ልቤ ሞልቶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሰው እጥፉን ይመልሳል ይላል። እጥፉን! ጠበቃው ደረሰኙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «እዚህ የተጻፈው ‹ቅድመ ክፍያ› ነው» አለኝ። እኔ ያልኩት ቀብድ፣ ደላላው ያለው ቀብድ፣ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራችው ቀብድ። ወረቀቱ ብቻ ቅድመ ክፍያ። ይቺ ቃል ብቻዋን ስንት ቀጠሮ እንደምትበላ እሱም አልነገረኝ። በዚያ ላይ ግቢያቸው ኦሮሚያ፣ ዋና ቢሯቸው አዲስ አበባ፤ ገና የትኛው ፍርድ ቤት እንደምሄድ ልንከራከር ነው።

ያበሸቀኝ ገንዘቡ አይደለም (ውሸቴን ነው፣ ገንዘቡም አብሽቆኛል)። ሥራ አስኪያጁ ነው። «እከሳለሁ» ስለው ፊቱ እንኳን አልጠቆረም። «ይክሰሱ እንጂ፣ መብትዎ ነው» ብሎ ማኪያቶ አዘዘልኝ። ያ የሜሪላንድ ጋራዥ ባለቤት በአንዲት ወረቀት ደንግጦ ነበር። አጎቴ ይህን ስነግረው «ድሮ እኮ ‹በሕግ አምላክ!› ከተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም ነበር» አለና ተከዘ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ «ተወው ልጄ፣ ጨምርና መኪናህን ውሰድ» አለኝ።

ሐሙስ እበራለሁ። ለወንድሜ ውክልና ልሰጠው ውልና ማስረጃ ተሰልፈን ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ለመኪናው ነው ለክሱ?»