«ባይጠቅምም አይጎዳም» አትበሉኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሻጮቹን አይደለም፤ እነሱ ገበያቸውን ያውቃሉ። እናንተን ነው። ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ካንሰርን፣ ሁሉንም በአንድ ብልቃጥ የሚያድን መድኃኒት ተገኘ የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ፣ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ለሃምሳ ሰው የምትልኩትን። ለምን ላካችሁ ስትባሉ መልሳችሁ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅምም አይጎዳም።»

ማን ነው አይጎዳም ያላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ክብደት ለመቀነስ የፈለጉ ሴቶች ከአንድ ክሊኒክ የዕፅዋት ቅይጥ ያለበት እንክብል ይወስዱ ነበር። አንዱ ዕፅ በስህተት በሌላ ተተካ። የገባው አሪስቶሎኪያ የሚባለው ነበር። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ፤ ከዓመታት በኋላም በርካቶቹ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ሲጀምሩ ጤነኞች ነበሩ። ትንሽ መቅጠን ነበር ያማራቸው። «ተፈጥሯዊ ነው» መባሉ ምን ፈየደላቸው? የእባብ መርዝም ተፈጥሯዊ ነው እኮ።

ዕፁ ራሱ መርዝ ባይሆን እንኳ ከምትወስዱት መድኃኒት ጋር ሊጣላ ይችላል። ለድብርት የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት እንዲህ ነው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የእርግዝና መከላከያው፣ አንዳንድ የደም ማቅጠኛና የኤችአይቪ መድኃኒቶችም አቅም ያጣሉ። ሰውየው ግን ሁሉንም በሰዓቱ እየወሰድኩ ነው ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጊዜ ነው። ውሃ ብቻ የያዘ ብልቃጥ እንኳ ጊዜ ይበላል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ገና ያልተሰራጨ ካንሰር ይዟቸው ሳለ መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው ነበር። የመሞት ዕድላቸው መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የጡት ካንሰር ለብቻው ሲታይ ከ5 እጥፍ በላይ። እስቲ አሁን «አይጎዳም» የሚል ይምጣ።

«እኔ ግን ድኛለሁ» ትሉኛላችሁ። እሰይ! ግን ጉንፋን በሳምንቱ ይለቃል፤ የወገብ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ሕመሙ ሲብስበት ነው። ከባሰበት ቀን በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይለዋል። ያን ቀን ምንም ነገር ብትጠጡ ምስጋናው ለጠጣችሁት ይሆናል። ያልዳነውስ? የሞተ ሰው ቪዲዮ ላይ ቀርቦ ምስክርነት አይሰጥም።

መፈተን ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ አድርጋዋለች። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ሮዛ፣ እጃቸውን ከሕመምተኛው ገላ በላይ እያንሳፈፉ «ኃይሉ ይሰማናል» የሚሉ 21 ፈዋሾችን አንድ በአንድ አስቀመጠች። በካርቶን ከለላ ቀዳዳ ሁለቱን እጃቸውን አሾለኩ። እሷ ሳንቲም እየወረወረች እጇን ከአንደኛው እጃቸው በላይ ታደርጋለች፤ እነሱ ከየትኛው በላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ከ280 ሙከራ ያገኙት 123 ነው፤ 44 በመቶ። ዝም ብሎ የሚገምት ሰው እንኳ ግማሹን ያገኛል! ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ሲታተም ልጅቷ 11 ዓመቷ ነበር።

የአባቶችን ዕውቀት ናቅህ የምትሉኝም አትጠፉም። አልናቅሁም። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ፍንጩ የተገኘው ከጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት አዘገጃጀቶችን አገላበጡ። ተስፋ የሰጠው ተክልም ቢሆን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ጽሑፉን ደግማ ስታነበው ተክሉ በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይፈላ አይልም። ሙቀቱ ይሆናል ያበላሸው ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በእንስሳት ሞከረችው፤ ከዚያ በራሷ ላይ፤ ከዚያ በሕሙማን ላይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ታዲያ ተክሉን ያከበረው ማን ነው? ፈትና ያወጣችው እሷ ወይስ ሳይፈትን የሚቸበችበው? (ዛሬም የዚያኑ ተክል ሻይ ለወባ ብለው የሚሸጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አይደግፈውም፤ ሻዩ ውስጥ ያለው መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም፣ አብዛኛውን ጊዜም አይበቃም።)

ሰው ወደ ሻጮቹ የሚሄደው ሞኝ ሆኖ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አያየውም። ሻጩ ግን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል፣ አይዞህ ይለዋል። የሐኪሞቹን ጉድ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን በአይዞህ አይለወጥም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ደም ግፊት ላለባት አክስቴ ስለ አንድ የቅጠል ጭማቂ የሚያወራ መልእክት ልኬላት ነበር። በሁለት ሰከንድ ላክሁት፤ በሁለት ሰከንድ ረሳሁት። እሷ ግን ኪኒኗን ትታ ጭማቂውን ጀመረች። ያወቅሁት ከወር በኋላ፣ ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሆስፒታል ስትገባ ነው። ለምን አቆምሽው ብዬ ጮህኩባት።

«አንተ አይደለህ እንዴ የላክህልኝ?» አለችኝ።